ሦስተኛው ሲሊንደር ዝም ሲል

ድምፁን መጀመሪያ የሰማሁት ከመኪናዋ ሳይሆን ከግድግዳ ነው። የቮልስዋገን ሞተር ከኋላ በመሆኑ ጩኸቱ ሁሉ ተቀላቅሎ ነው ወደ ሾፌሩ የሚደርሰው፤ መንገዱ ጠበብ ብሎ በግራ በኩል ግንብ ወይም የጭቃ ግድግዳ ሲኖር ግን ድምፁ ግድግዳውን መትቶ በመስኮት ይመለስና እያንዳንዱን ኮሽታ ለይቶ ያሰማል። በ2016 ዓ.ም. ጥቅምት ውስጥ፣ ከሥራ ወደ ቤት ስመለስ እንደ ልማዴ በፒያሳው ዶሮ ማነቂያ ሰፈር ውስጥ ለውስጥ ሳቋርጥ፣ ነዳጅ ስሰጥ የሚፈጥን፣ እግሬን ሳነሳ የሚዘገይ ቀጭን የብረት ምት ከግድግዳው ተመልሶ ጆሮዬ ገባ። ታክ፣ ታክ፣ ታክ።

መኪናዋ እ.ኤ.አ. የ1967 ሞዴል፣ 1,285 ሲሲ ሞተር ያላት፣ በዕድሜ እኔን የምትበልጥ ናት። ቮልስን ለአዲስ አበባ ሰው ላስተዋውቅ ብል ለቀባሪው ማርዳት ስለሚሆንብኝ በቀጥታ ወደ ጉዳዬ ልግባ። ያ ታክታክታ ለአራት ወራት ሰላም ነሳኝ። እርሱን ለማጥፋት ያደረግሁት ነገር ደግሞ ሞተሩን ሊገድልብኝ ምንም አልቀረውም ነበር፤ እስከ ዛሬ የሚከነክነኝም ይኸው ነው።

ለጸጥታ የከፈልኩት

ምቱ የቫልቭ፣ ማለትም ለሲሊንደሩ አየር የሚያስገባው ወይም ጭሱን የሚያስወጣው በር፣ መሆኑን ማወቅ ከባድ አልነበረም። ቫልቮችን የሚያንቀሳቅሰው ካምሻፍት የሚዞረው በሞተሩ ዙር ግማሽ ፍጥነት ስለሆነ የቫልቭ ድምፅ ሞተሩ ሁለት ጊዜ ሲዞር አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚሰማው፤ ስለዚህ ሞተሩ ከሚሮጠው ይልቅ ዘግየት ያለ፣ እንደ ልብስ ስፌት መኪና ያለ ምት ነው። መኪናዋን የወሰድኩለት መካኒክም ገና ከበሩ ሲሰማት «ቫልቭ ናት» አለኝ። ወጣት ነው፣ ሥራውንም ያውቃል፤ ይህን የምለው ከዚህ በኋላ የማወራውን ጥፋት ወደ እርሱ ላለመግፋት ነው።

ልጁ በግራና በቀኝ ያሉትን ሁለት የቫልቭ ክዳኖች ከፍቶ ስምንቱንም ቫልቮች ለካና ከሚገፋቸው ብሎን ጋር ያላቸውን ክፍተት 0.15 ሚሊሜትር አድርጎ ዘጋ። ሞተሩ ሲነሳ ታክታክታው እዚያው ነው። እንደገና ከፈተ፣ እንደገና ለካ፤ ቁጥሩ ልክ ነበር፣ ድምፁ ግን ከቦታው ፍንክች አላለም። በዚህ ጊዜ እኔ ትዕግሥቴ አለቀና «ቁጥሩን ተወውና ብቻ ዝም አሰኝልኝ» አልኩት። ልጁ ትንሽ አመነታ። ከዚያ ሞተሩ ገና ትኩስ ሳለ፣ የትኛው ቫልቭ እንደሚጮኽ ሁለታችንም ስላላወቅን፣ የስምንቱንም ብሎን ጠበቅ ጠበቅ አደረገ፤ አስነሳ፣ አዳመጠ፣ እንደገና አጠበቀ። በሦስተኛው ሙከራ ድምፁ ጠፋ። ከተነጋገርነው ዋጋ በላይ ጉርሻ ጨምሬ ከፈልኩት።

ይህ የሆነው በየካቲት ነው። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ዶሮ ማነቂያ ፈረሰና ድምፁን ይመልስልኝ የነበረው ግድግዳም አብሮ ሄደ። እኔም በሰፊው መንገድ ላይ መስኮቴን ዝቅ አድርጌ፣ ምንም ባለመስማቴ ደስ ብሎኝ መንዳቴን ቀጠልኩ። ጸጥታው ከየት እንደ መጣ ለመጠየቅ አላሰብኩም። አሁን ሳስበው ግማሹ ከጠበቁት ብሎኖች፣ ግማሹ ከፈረሰው ግድግዳ የመጣ ነበር።

ቸርችል ጎዳና ላይ

በቀጣዩ ዓመት ኅዳር፣ ከለገሃር ተነሥቼ በቸርችል ጎዳና ሽቅብ ስወጣ መኪናዋ ጥቁር አንበሳን ሳታልፍ ደከመች። ሌላ ጊዜ በሦስተኛ ማርሽ ተንፈስ እያለች የምትወጣውን ዳገት በሁለተኛም እያቃሰተች ነበር የምትወጣው። ቴዎድሮስ አደባባይ ደርሼ ዳር ይዤ ስቆም ሞተሩ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ከማርሚታውም በየመሐሉ እንደ ሳል ያለ «ፑፍ» የሚል ድምፅ ይወጣል። ከየካንዴላው ገመዱን አንድ በአንድ እየነቀልኩ አዳመጥኩ። የሦስቱን ስነቅል ሞተሩ ሊጠፋ ይደርሳል፤ የሦስተኛውን ሲሊንደር ገመድ ስነቅል ግን ምንም ለውጥ አልነበረም። አንዱ ሠራተኛ ሥራ ካቆመ ሰንብቷል ማለት ነው።

በማግሥቱ አንድ ጋራዥ ኮምፕሬሽን፣ ማለትም እያንዳንዱ ሲሊንደር አየሩን አፍኖ የሚፈጥረውን ግፊት፣ አስለካሁ። አንደኛው ሲሊንደር 94፣ ሁለተኛው 91፣ አራተኛው 93 ፒኤስአይ አሳየ፤ ሦስተኛው 52 ላይ ቆመ። ባለ ጋራዡ የተሸበሸበ መጽሐፍ አውጥቶ ጤነኛ ሞተር ከ100 በላይ ማሳየት እንዳለበት ካስነበበኝ በኋላ «አራቱም ሞተዋል፤ ሞተሩ ይውረድና ፒስተንም ቀለበትም ይቀየር» ብሎ ፈረደ። የነገረኝ ዋጋ መኪናዋን ከገዛሁበት ብዙም የማይርቅ ነበር።

ያን ዋጋ ይዤ ወደ ተክለ ሃይማኖት የወረድኩት ለምክር እንጂ ለሥራ አልነበረም። ከአደባባዩ አለፍ ብሎ በአንድ ግቢ ውስጥ አሮጌ መኪና ብቻ የሚሠሩ ሽማግሌ መካኒክ አሉ፤ ሁሉም ሰው «ጋሼ» ነው የሚላቸው፣ እኔም እንዲሁ ነው የምጠራቸው። አራቱን ቁጥሮች ከወረቀቱ ላይ አንብበው ሳቁ። «ልጄ፣ ይህ መጽሐፍ የሚያወራው ስለ ባሕር ጠረፍ አየር ነው። እኛ የምንተነፍሰው ሌላ ነው።»

ነገሩን ቆይቼ ሳሰላው እውነትም ጋሼ እንዳሉት ሆኖ አገኘሁት። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስላለች የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ብቻ ነው፤ ሲሊንደሩ የሚያፍነው አየር ገና ከመግባቱ ስስ ስለሆነ መለኪያው የሚያሳየው ቁጥርም በዚያው ልክ ዝቅ ይላል። ስለዚህ እዚህ የተለካ 94 በጠረፍ ቢለካ ከ120 ፒኤስአይ በላይ ይሆን ነበር። ከተማችን ውስጥ ስንት ደኅና ሞተር በዚህ ምክንያት «አልቋል» ተብሎ እንደ ተፈታ እግዜር ይወቀው። ጋሼ ከመጽሐፉ ጋር ሳይሆን እርስ በርሳቸው ነው ያስተያዩአቸው፦ «ሦስቱ ወንድማማቾች ደኅና ናቸው፤ አንዱ ታሟል። በሽተኛው አንድ ሆኖ ሳለ ቤተሰቡን ሁሉ ምን አስተኛቸው?»

ቅጠሏ አልገባ ያለችበት ጠዋት

መኪናዋን ያን ዕለት አልነኳትም። ሞተሩ ሌሊቱን ሙሉ ቀዝቅዞ ካላደረ እጃቸውን እንደማያሳርፉበት ነግረውኝ ግቢያቸው አሳደርኳት። ቅዳሜ ጠዋት 12 ሰዓት ስደርስ ብርዱ ጣት ይቆርጥ ነበር፤ ጋሼ ጋቢያቸውን እንደ ለበሱ በግራው የኋላ ጎማ አጠገብ ካርቶን አንጥፈው ተቀምጠዋል። የክዳኑን ሽቦ በካቻቢቴ ወደ ታች ገፍተው ከፈቱት። የጠቆረ ዘይት ጠብ፣ ጠብ አለ።

እኔ ከኋላ ሆኜ የቺንጋውን ፑሌጃ በቁልፍ ወደ ግራ አዞር ነበር፤ ከአንደኛው ሲሊንደር ተነሥቶ በየግማሽ ዙሩ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው፣ አራተኛው በየተራ ለመለኪያ ይደርሳል። ሦስተኛው ሲደርስ «ያዝ» አሉኝና ከመለኪያው ላይ የ0.15 ሚሊሜትሯን ስስ የብረት ቅጠል መዝዘው በማስወጫው ቫልቭና ቫልቩን በሚገፋው ክንድ፣ በሮከሩ፣ ብሎን መካከል ሊያስገቡ ሞከሩ። አልገባችም። የ0.10ዋን ሞከሩ፤ አልገባችም። የ0.05ቷ ከሲጋራ ወረቀት ብዙም የማትወፍር ናት፤ እርሷም ጫፏን ደገፍ አድርጋ ተጠማዘዘች እንጂ አልገባችም። ከዚያ ሮከሩን በሁለት ጣቶቻቸው ይዘው ወዘወዙት፤ ነቅነቅ አላለም። ክፍተቱ ዜሮ ነው፣ ምናልባትም ከዜሮ በታች።

ጋሼ ቀና ሳይሉ «ይህ ቫልቭ ዝም ካለ ስንት ጊዜ ሆነው?» አሉኝ።

«ከየካቲት ጀምሮ ደኅና ነው» አልኩ።

«ደኅና» የምትለዋ ቃል ከአፌ ወጥታ ሳታልቅ ነው ያፈርኩት። ያን ጥያቄና ያን መልስ ስንት ጊዜ በልቤ እንደ ደገምኩት አላውቅም። እርሳቸው የጠየቁኝ ስለ ዝምታ ነው፤ እኔ የመለስኩት ስለ ጤና ነው። ለዘጠኝ ወራት ሁለቱ ቃላት ለእኔ አንድ ነበሩ፤ የሚጮኽ ነገር የተበላሸ፣ የማይጮኽ ደግሞ የተስተካከለ ይመስለኝ ነበር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ እኔ ግን ገንዘብ ከፍዬ ነው ያስደበቅሁት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማስወጫው ቫልቭ በእያንዳንዱ ሥራው የሚቃጠለው ጋዝ በአናቱና በዙሪያው ያልፋል። ያን ሙቀት በዋነኛነት የሚያራግፈው ተዘግቶ በመቀመጫው ላይ ልጥፍ ሲል፣ ብረት ከብረት ጋር ሲነካካ ነው፤ ከመቀመጫው ሙቀቱ ወደ ቴስታታው፣ ቫልቮቹን ወደ ያዘው የሲሊንደሮቹ ራስ፣ ከቴስታታው ወደሚነፍሰው አየር ይሄዳል። ያች 0.15 ሚሊሜትር ክፍተት ቫልቩ ሙሉ በሙሉ ተዘግቶ እንዲያርፍ የተተወችለት የዕረፍት ጊዜ ናት። ክፍተቱ ከጠፋ ሮከሩ ቫልቩን ሁልጊዜ በጥቂቱ ገፍቶ ይይዘዋል፤ ቫልቩ ልጥፍ አይልም፣ ሙቀቱን አያራግፍም፣ በጠርዙ በኩል የሚሾልከው ጋዝም እንደ ብየዳ ነበልባል ይበላዋል። ይህ ሁሉ ሲሆን አንዳች ድምፅ የለውም። የላላ ቫልቭ ይጮኻል፣ ኃይልም ትንሽ ይቀንሳል፣ ግን በአንድ ጀምበር አይሞትም፤ የጠበቀው ነው ዝም ብሎ የሚቃጠለው።

ከአራቱ ሲሊንደሮች ሁሉ ሦስተኛው ቀድሞ መታመሙ ደግሞ የዕድል ጉዳይ አልነበረም። በዚያ ዘመን ቮልስ የዘይት ማቀዝቀዣው የተቀመጠው በአየር ማራገቢያው ቤት ውስጥ፣ ልክ ከሦስተኛው ሲሊንደር በላይ ነው፤ ስለዚህ ለሦስተኛው የሚደርሰው አየር በማቀዝቀዣው ሲያልፍ የሞቀና የተቀነሰ ነው። ፋብሪካው ይህን አይቶ እ.ኤ.አ. ከ1971 ሞዴል ጀምሮ ማቀዝቀዣውን ከአየሩ መንገድ ፈቀቅ አድርጎታል። የእኔ መኪና ግን ከዚያ አራት ዓመት ትቀድማለች።

ጋሼ ከዚያ የመጭመቂያ ቱቦ በካንዴላው ቀዳዳ አያይዘው፣ ሁለቱም ቫልቮች መዘጋት በሚገባቸው ቦታ ላይ ፒስተኑን አቁመው አየር ለቀቁበት። እኔን በጎማ ቱቦ ቁራጭ ሦስት ቦታ አስደመጡኝ። በካርቡሬተሩ አፍ ዝም ይላል፤ ማስገቢያው ቫልቭ ደኅና ነው። በዘይት መሙያው ዝም ለማለት ጥቂት ብቻ ይቀረዋል፤ የፒስተን ቀለበቶቹም ደኅና ናቸው። በማርሚታው ጫፍ ግን እንደ እባብ ይተነፍሳል። ባለ ጋራዡ «ይቀየር» ያለው ፒስተን ምንም አልሆነም ነበር። (አንዳንድ መካኒክ ቀለበቱን ለመፈተን በካንዴላው ቀዳዳ ዘይት ጠብ አድርጎ እንደገና ይለካል፤ ቮልስ ግን ሲሊንደሮቿ የተጋደሙ ስለሆኑ ዘይቱ ከታች ተኝቶ ይቀራል፣ ውጤቱም ብዙ አይታመንም።)

ታዲያ በጥቅምት የሰማሁት ታክታክታ ከየት መጣ? ይህን የጠየቅሁት ከፀሐይ መውጣት በኋላ፣ ሻይ እየጠጣን ነው። ጋሼ መልስ ሳይሰጡኝ ወደ ቀኙ ጎን ዞሩና የሁለተኛውን ሲሊንደር ማስገቢያ ቫልቭ ብሎን ፈትተው መዳፌ ላይ አስቀመጡት። ጫፉን በጥፍሬ ዳበስኩት፤ መሐሉ ጎድጉዷል። ዓመታት ቫልቩን ሲቀጠቅጥ ኖሮ ተበልቷል። የመለኪያዋ ቅጠል በጉድጓዱ ዳርና ዳር ላይ እንደ ድልድይ ስለምትጋደም ከሥሯ ያለውን ባዶ አታየውም፤ ቁጥሩ 0.15 ሲል እውነተኛው ክፍተት ከዚያ የሰፋ ነው። ልጁ በትክክል ለክቶ ድምፁ ያልጠፋው በዚህ ምክንያት ነበር። አንዲት ርካሽ ብሎን መቀየር ይበቃ ነበር። እኛ ግን አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንደሚባለው፣ በሁለተኛው ጩኸት ሦስተኛውን ቀጣነው።

እያንዳንዱን ቁጥር ጻፍ

ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ እንጂ ወሬ አይበዛውም። ጋሼ ሦስተኛውን ማስወጫ ወደ 0.15 መለሱትና ኮምፕሬሽኑ ወደ 70 ከፍ አለ። እኔ ተፈወሰ ብዬ ደስ አለኝ፤ እርሳቸው ግን ማወቅ የፈለጉት ሌላ ነገር ነበር። ክፍተቱ የጠፋው ብሎኑ ስለጠበቀ ብቻ ነው ወይስ ቫልቩ ራሱ በሙቀት ብዛት እየተሳበ፣ እየረዘመ ነው? የመጀመሪያው ከሆነ ቫልቩን አጽድቶ መፈተግ ሊበቃ ይችላል። ሁለተኛው ከሆነ ግን አንገቱ እየቀጠነ ሄዶ አንድ ቀን አናቱ ተቆርጦ ሲሊንደር ውስጥ ይወድቃል፣ ያኔ ፒስተኑም ቴስታታውም አይተርፉም። «100 ኪሎ ሜትር ያህል ቀስ ብለህ ንዳት፤ ዳገት አታውጣት» አሉኝ። አዲስ አበባ ውስጥ ዳገት ሳይወጣ 100 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው ካለ መንገዱን ያሳየኝ፤ እኔ ከመስቀል አደባባይ እስከ ሜክሲኮ፣ ከሜክሲኮ ተመልሼ ስመላለስ ሰነበትኩ።

በሳምንቱ፣ እንደገና በብርዱ ጠዋት፣ ሰባቱ ቫልቮች እንደ ነበሩ ተገኙ። ሦስተኛው ማስወጫ የ0.15ቷን ቅጠል አላስገባም፤ የ0.10ዋንም አላስገባም። የ0.05ቷ ገባች። ጋሼ «እየተሳበ ነው» አሉና ቅጠሉን በጋቢያቸው ጫፍ ጠርገው ወደ ቤቱ መለሱት።

የቮልስ ሞተር ከማርሽ ቤቱ ጋር የሚያያዘው በ4 ቡሎኖች ስለሆነ ለማውረድ ግማሽ ቀን እንኳ አልፈጀም። ቴስታታው ሲወጣ የማስወጫው ቫልቭ ጠርዝ በአንድ በኩል እንደ ተገመጠ ዳቦ ተበልቶ፣ አንገቱም ከእኅቱ አጠገብ ሲያዝ ቀጥኖ ታየ። አዲስ ለመግዛት ሶማሌ ተራ ስሄድ ጋሼ የሰጡኝ ትእዛዝ አንድ ነበር፦ ከመኪናዋ ላይ የሚወጣውን ሁሉ ያገለገለ መግዛት እችላለሁ፣ ማስወጫ ቫልቭን ግን በፍጹም፤ ያገለገለ ማስወጫ ቫልቭ ምን ያህል ሙቀት ጠጥቶ እንደ መጣ ከላዩ አይነበብም። አራቱንም ማስወጫዎች አዲስ ገዛሁ። መቀመጫዎቹ ላይ ቫልቮቹን በመፈተጊያ ቅባት እያሽከረከሩ ዙሪያውን ያልተቆራረጠ ግራጫ ቀለበት እስኪሠራ ፈተጓቸው፤ ከዚያ ነጭ ጋዝ አፍስሰውባቸው ሩብ ሰዓት ጠበቅን። አንዲት ጠብታ አልሾለከችም።

አንድ ነገር እስከ ዛሬ ያስገርመኛል። ያን ሁሉ ቀን ስንሠራ ጋሼ የሚናገሩት የጣሊያን ስም ነው፣ ካንዴላ፣ ቴስታታ፣ ጓርኒሲዮን፤ ምን እንደ ታመመ ሲያስረዱኝ ግን አንድም የባዕድ ቃል አልተጠቀሙም፤ ተነፈሰ፣ ተሳበ፣ ተበላ፣ አረፈ ነው የሚሉት። ዕቃው ከውጭ መጣ፣ በሽታው ግን አማርኛ ተናጋሪ ነው።

ሞተሩ ተገጥሞ ሲነሳ ቀለል ያለ ታክታክታ ነበረው። ልቤ ደንገጥ ብሎ ወደ ጋሼ ዞርኩ፤ እርሳቸው ግን እጃቸውን እየታጠቡ ነበርና «ትናገር፣ ተዋት» አሉኝ። አሮጌው የፋብሪካ መመሪያ ክፍተቱን 0.10 ይል እንደ ነበርና በኋላ ፋብሪካው ራሱ ወደ 0.15 እንዳሰፋው ያን ቀን ነው የነገሩኝ፤ ሠሪዎቹም ትንሽ ጩኸት ተቀብለው ረጅም ዕድሜ መርጠዋል ማለት ነው። ከዚያ ከመኪናዋ ኪስ ውስጥ የቆየ ደብተር አውጥተው ስምንት ዓምድ አሰመሩኝ። በየወሩ፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ሳላስነሳት፣ ስምንቱንም እንድለካና ምንም ባይለወጥ እንኳ እንድጽፍ።

አሁን ከፒያሳ ወደ አራት ኪሎ ስሄድ የግንባታ ቆርቆሮ አጥር ባየሁ ቁጥር ጠጋ ብዬ መስኮቱን ዝቅ አደርጋለሁ፤ ቆርቆሮ ድምፅ በመመለስ ከጭቃ ግድግዳ ይሻላል። የደብተሩ ስድስተኛ ዓምድ፣ የሦስተኛው ሲሊንደር ማስወጫ፣ እስካሁን እንዲህ ይላል፦ ጥር 0.15፤ የካቲት 0.15፤ መጋቢት 0.15፤ ሚያዝያ 0.15፣ ቅጠሏ ትገባለች፣ ግን ትንሽ ያዝ አደረጋት። የግንቦቱን ቅዳሜ እለካለሁ።